የሀቢቾው ሚኒባስ የጠዋት አመል

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ዛሬም የሀቢቾው ሚኒባስ መጣ። ዛሬም ጋራዥ ሲደርስ ጤነኛ ነው።

ሾፌሩ ኪሩቤል እንደ ሁልጊዜው በእጁ ጭምር እያስረዳ ነገረኝ። ጠዋት ከሀቢቾ ሲነሳ ያቺ ቢጫ የሞተር መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ቦግ ትላለች። ዳገት ላይ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፣ ተሳፋሪው ወርዶ ሊገፋ ምንም አይቀረው። ሆሳዕና መግቢያ ስትደርስ ደግሞ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ትከንፋለች። "እኔን ሰው ፊት ለማዋረድ ነው እንጂ አልታመመችም" አለ።

ስካነሩን ሰካሁ። ኮዱ ያው ነው፣ ፒ 0190። የነዳጅ ግፊት ሴንሰሩ ምልክት ተቋርጧል ይላል። አሁን ግን አልተቋረጠም፤ ስክሪኑ ላይ ልክ እንደሚገባው እየሠራ ነው። ኮዱን አጠፋሁለትና ሄደ። ጋሽ ኃይሉ፣ የጋራዡ ባለቤት፣ ከፒክ አፕ ሥር ሆነው ሲሰሙ ነበር። "ገነቴ፣ አንቺ ያጠፋሽው ጭሱን ነው፤ እሳቱ እዚያው አለ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ተናደድኩ።

ከሰዓት የመኪናዋ ባለቤት እትዬ እታለም ከሀቢቾ ደወሉ። "ልጄ፣ እስከ ያሆዴ ትድን እንደሆነ ትዳን። ካልዳነች እሸጣታለሁ። በበዓል ሰሞን የሰው ልጅ መንገድ ላይ ካስቀረች በምን ፊቴ ገበያ እወጣለሁ?" ያሆዴ፣ የእኛ የሀዲያዎች ዘመን መለወጫ፣ መስከረም አጋማሽ ነው፤ ሩቅ ይመስላል እንጂ ሩቅ አይደለም።

ኪሩቤልም ሲወጣ ጣል አድርጎልኝ ነበር። መኪናዋ ከተሸጠች አዲስ አበባ የአክስቱ ልጅ ሥራ ይዞለታል። ቢሄድ ባይሄድ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ኮዱ ነው።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሴንሰሩን ቀየርኩት!

ናስረዲን መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ቆሞ "ኦሪጅናል ነው፣ ካልሠራ አምጥተሽ ፊቴ ላይ ወርውሪው" እያለ ማለልኝ። የዚህች መኪና ሞተር ጋቢና ወንበር ሥር ነው፤ ወንበሩን አንስቶ ነው የሚገባው። ሶኬቱን ስነቅለው ጠራ ያለ ዘይት ነክቶት አገኘሁ። ጠረግኩት። የአሮጌ መኪና ሶኬት መቼም ደርቆ አያውቅም። አዲሱን ሴንሰር አሰርኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ጋዝ ሰጠሁት። እንደ ሙሽራ መኪና ነው የምታዜመው። ኪሩቤል "በቃ ዳነች?" አለ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ "ዳነች" አልኩ። ጋሽ ኃይሉ ሳይቀሩ ሁለት ጣታቸውን አንስተው "ጎበዝ" አሉኝ፤ እሳቸው ጎበዝ ያሉት ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ጋቢናው ውስጥ ደስ የሚል ሽታ አለ። የሆነ የቤት ሽታ። ምን እንደሆነ ሳላስታውስ ራበኝ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቤታችን ጦርነት ነው።

እናቴ የዊጆ ተራዋ ነበር። ሀቢቾ ስንኖር የገባችበት የቅቤ ዕቁብ ነው፤ ሆሳዕና ከመጣን በኋላም አልወጣችም። ሴቶቹ በየሳምንቱ ቅቤ ያዋጣሉ፣ ለባለተራዋ ይደርሳታል፣ ያሆዴ ሲመጣ የማንም ጓዳ ቅቤ አያጣም። የዊጆዋ አለቃ እትዬ እታለም ናቸው። ከተማ የገባን ባለተራዎች ድርሻ ቅዳሜ ቅዳሜ በእሳቸው ሚኒባስ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ይመጣል።

እናቴ ኮባውን ፈታችና "ቅጠሉ ይህን ያህል፣ ቅቤው ይህን ያህል!" ብላ በእጇ አሳየችኝ። ላይ ላዩ ተጎርሷል፣ ጥግ ጥጉ ተሸርፏል። ባለፈው ሳምንት የተረከቡ ጎረቤታችንም ጎድሎብኛል ሲሉ ነበር። "እታለም ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ ረጅም ነው። ወይ ደግሞ ያ ሾፌር ነው" አለች።

"ኪሩቤል የሰው ነገር አይነካም!" አልኩ፣ ሳላስበው ድምፄ ከፍ ብሎ።

እናቴ ቅቤውን ትታ እኔን አየችኝ። "ስሙንም ታውቂዋለሽ?"

ደንበኛ ነው እኮ! የደንበኛ ስም አይታወቅም እንዴ?

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

በራ።

ያው ኮድ። በአዲሱ ሴንሰር ላይ! ናስረዲን "ፊቴ ላይ ወርውሪው ያልኩት ለወጉ ነው" ብሎ ሌላ ሰጠኝ፤ እሱም ያው ነው። ሶኬቱ ላይ ያ ጠራ ያለ ዘይት እንደገና አለ። ጠረግኩት።

ኪሩቤል አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ዳነች" ያልኩት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ዝናቡ ጋራዡን ሐይቅ አድርጎታል። ዛሬ ከሴንሰሩ እስከ ኮምፒውተሩ ያለውን ሽቦ በሙሉ ለካሁት። ጎተትኩት፣ አጠፍኩት፣ ነቀነቅኩት። አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ሞተሩን አስነስቼ ኪሩቤልን ስካነሩን አስያዝኩትና "ቁጥሩ ከወረደ ጩኽ" አልኩት። እኔ ሽቦውን እነቀንቃለሁ፣ እሱ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። ድንገት ጮኸ! ተስፈንጥሬ መጣሁ። ለካ በረሮ እጁ ላይ ወጥታበት ነው። ጋሽ ኃይሉ እየሳቁ ከወንበራቸው ሊወድቁ ደረሱ። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ።

ኪሩቤል የተጠበሰ በቆሎ እሸት አምጥቶልኝ ነበር፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ገና ትኩስ ነበር። ጎማ ላይ ተቀምጠን በላን። የዱራሜ በቆሎ ከሆሳዕና በቆሎ ይጣፍጣል ይላል። አገሩ ስለሆነ ነው እንጂ በቆሎ በቆሎ ነው አልኩት። ለበዓል ወደ ዱራሜ ሲሄድ አምጥቶ ሊያሳምነኝ ቃል ገባ። ግን እስከ በዓል መኪናዋ ትኑር አትኑር የምናውቀው ነገር የለም።

ማታ እናቴ ገበያ የሰማችውን ይዛ መጣች። "ከምባታ ነው አሉ። ካቶሊክ ነው አሉ።" ማን? አልኳት። "ማን እንደሆነማ ታውቂያለሽ" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ያሳሰበኝ ኮዱ ነው ብዬ ከኋላዋ ተናገርኩ። አልሰማችኝም መሰለኝ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

በራ። ዝናብ። ሌላ ሦስት መኪና ወረፋ ይዟል። ምሳ አልበላሁም። ሰኞ የሚባል ቀን ከሳምንቱ ይነሳልኝ።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ናስረዲን ሱቅ በር ላይ ፊውዝ ልገዛ ቆሜ፣ ውስጥ ሁለት ሾፌሮች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛው "የሀቢቾዋ መኪና አልድን ያለችው እኮ ልጅቷ ስለማትፈልግ ነው። ከዳነች ልጁ ምን ሊያደርግ ይመጣል?" አለ። ሌላው ሳቀ። ናስረዲን "እረፉ" አላቸው፣ ግን እሱም ሳቀ።

ፊውዙን ሳልገዛ ተመለስኩ። ገብቼ የሚገባቸውን ልነግራቸው ነበር፤ ምላሴ እንደሆነ አልተሳለም አይባልም። ግን እግሬ እምቢ አለ።

አሁን ቁጭ ብዬ ራሴን እየመረመርኩ ነው። ሴንሰር ቀይሬያለሁ፣ ሽቦ ለክቻለሁ፣ የናፍጣ ፊልትሮውን አውጥቼ አይቻለሁ፣ ባትሪውን ፈትሻለሁ። ያልሠራሁት ምን አለ? ምንም። ታዲያ ሰኞ ጠዋት ያ የመኪና ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ ለምንድነው እጄን የምታጠበው? እጄ እኮ ተመልሶ መቆሸሹ ነው።

አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ። ካልዳነች ትሸጣለች። የምትሸጠው ደግሞ እኔ ስላቃተኝ ነው። እንዲህ የሚሆን ከሆነ ያንን ሰው ወደ አዲስ አበባ የምሸኘው በገዛ እጄ ነው ማለት ነው። እነዚያ ሾፌሮች ይህን አያውቁም።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

እስቲ ረጋ ብዬ ልጻፈው፤ ዛሬ አንድ ነገር ገባኝ።

መኪናዋ እንደገና በርቶባት መጣች። በዚህ ጊዜ ስካነሩን ከመሰካቴ በፊት ኪሩቤልን እንደ ሐኪም ጠየቅኩት። መቼ መቼ ይበራል? "ጠዋት።" ሁሌ ጠዋት? "ሰኞ ይብሳል። ሰኞ ማስነሳትም ያስቸግራል፣ ሞተሪኖው እስኪደክም ነው። ማክሰኞ ትንሽ ይቀንሳል። ዓርብ ምንም የለም።" እሁድስ? "እሁድ አትሠራም፣ እትዬ እታለም ግቢ ትቆማለች።" ታዲያ መቼ ይጠፋል? "ሞተሩ ሲሞቅ።"

ሲሞቅ! እኔ የምመረምራት ሁልጊዜ ከሀቢቾ እስከዚህ ተጉዛ፣ ሞተሯ ግሎ ነው። ትኩሳቱ የወረደለትን በሽተኛ ይዤ ምን አመመህ ስለው ከረምኩ። በሽታው ሀቢቾ ነው ያለው፣ ሰኞ፣ በማለዳ፣ በብርድ። እዚያው ሄጄ ቀዝቅዛ እንዳደረች ካላየኋት አላገኘውም።

ጋሽ ኃይሉ "ሂጂ፣ ሰኞ ቀንሽን ሰጥቼሻለሁ" አሉ። ኪሩቤል ደግሞ ሲወጣ ጋሪ ሊገጭ ነበር።

ለምን ሰኞ እንደሚብስ ግን አልገባኝም። እንደ ተማሪ ቅዳሜና እሁድን የሚወድ ሴንሰር ሰምቼ አላውቅም።

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ

ነገ ሀቢቾ እሄዳለሁ። ብቻዬን አይደለም። እናቴ "ያላገባች ልጅ ሰው ቤት ለማደር ብቻዋን አትሄድም፣ እኔም ከእታለም ጋር የቅቤ ሒሳብ አለኝ" ብላ ነጠላዋን አጥባለች። እትዬ እታለም በስልክ "ነይ እንጂ ትርፌ! ሴቶቹ ያጎደልንብሽን ሰኞ ጠዋት ፊትሽ ይሞሉልሻል፣ በዓይንሽ አይተሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ" ብለዋታል። በደስታ የተባለ አይመስልም። ሁለቱ አብረው ውኃ የቀዱ ጓደኛሞች ናቸው፤ አሁን በቅቤ ሊጣሉ ነው።

ስካነሩን፣ መፍቻዎቼን፣ የእጅ ባትሪ ያዝኩ። አዲሱን ሹራቤንም። ሀቢቾ ጠዋት ይበርዳል።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ከየት ልጀምር! ራሴ ላይ ቅቤ አለ። ደብተሩም ላይ ጠብ ብሏል።

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። መኪናዋ እትዬ እታለም ግቢ፣ እንሰቱ ሥር ቆማለች፣ መስታወቷ ጤዛ ለብሷል። ኪሩቤል ቀድሞኝ ተነስቶ እጁን እያሻሸ ይጠብቀኛል። "ቁልፉን ብቻ አዙር" አልኩት። ሞተሪኖው አጓራ፣ አጓራ፣ በግድ ተነሳች፤ መብራቷም ቦግ! ከደስታዬ ብዛት "በራች!" ብዬ ጮህኩ። በበራች ቁጥር አንገቴን ስደፋ የከረምኩ ሰው ዛሬ ዘለልኩ።

አስጠፋሁና የጋቢናውን ወንበር አነሳሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ። ያ ጠራ ያለ ዘይት የለም። በቦታው ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ነገር ረግቶ ጉድጓዱን ሞልቶታል፣ የሴንሰሩን ጫፎች ሸፍኗል። ግሪስ መሰለኝ። ማነው ግሪስ የቀባው ብዬ በጣቴ ወሰድኩ። ጣቴ ላይ ሟሟ። አሸተትኩት።

ያ የቤት ሽታ!

በእጅ ባትሪ ወደ ላይ አየሁ። የወንበሩ ስፖንጅ ከሥር ቢጫ ሆኗል፤ ከዚያ ጠብታው በሞተሩ ክዳን ክፍተት ወርዶ፣ በሽቦው ላይ ሄዶ፣ ቀጥታ ሶኬቱ ውስጥ። የሶኬቱ ማጥበቂያ አርጅቶ ላልቷል፣ መግቢያ አላጣም። ሞተሩ ሲሞቅ ይቀልጥና መንገድ ይለቃል፣ ሲበርድ ይረጋና ይዘጋል። ቅዳሜ ይንጠባጠባል፣ እሁድ ይረጋል፣ ሰኞ ጠዋት ኮድ ይሆናል። አፍንጫዬ ነሐሴ ላይ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ የሰማሁት ስካነሩን ነው። ዘይት ነው እያልኩ የጠረግኩትን ሳስበው አሁንም ራሴን መምታት ያምረኛል።

ሶኬቱን አጠብኩ፣ ጫፎቹን ጠረግኩ፣ ማጥበቂያውን በሽቦ አሰርኩ። ኪሩቤል ቁልፉን አዞረ። በአንዴ! መብራት የለም! በዚህ መሃል የዊጆዋ ሴቶች ቅቤያቸውን በኮባ ይዘው ግቢውን ሞልተውት ነበርና እልል አሉ። እትዬ እታለም "ተባረኪ ልጄ!" ብለው ወደ ሴቶቹ ዞሩ። "በሉ ቅቤውን ጋቢና ጫኑ።"

ውሸት አልጽፍም፤ ለአፍታ ዝም አልኩ። ዝም ብል ቅቤው ጋቢና ይጫናል፣ ሰኞ ኮዱ ይመለሳል፣ ኪሩቤልም ይመለሳል። ብናገር ጋራዥ የሚያመጣው ነገር የለም። ዝምታውን ግን ብዙ አልቻልኩበትም። ይህን ያህል ሰኞ ሰው ፊት ያፈረው እሱ ነው።

ግን ለእትዬ እታለም እንዴት ይነገራል? መኪናዎን ሲያሳምሙ የከረሙት እርስዎ ነዎት ይባላል እንዴ፣ በዊጆ ሴቶች ሁሉ ፊት?

"እትዬ፣ ቅቤው ለምን ጋቢና ይጫናል?" አልኩ።

"የት ይጫን ታዲያ?" ደነገጡ። "ላይ ከዶሮና ከቆጮ ጋር? ወይስ የሰው እግር ሥር? ቅቤ እኮ ነው ልጄ! እኔ ሁልጊዜ የክብር ቦታ ነው የምሰጠው።"

"ልክ ነዎት እትዬ። ክብሩ ሥር ግን እሳት አለበት" አልኩና ወንበሩን አንስቼ አሳየኋቸው።

ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩ። ቢጫውን ስፖንጅ፣ የቅቤውን መንገድ፣ ሞተሩን። እናቴ በመሃል ገብታ ስፖንጁን በጣቷ ነካችና ቀመሰችው።

"ይሄማ የእኔ ቅቤ ነው!" አለች።

እትዬ እታለም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ትርፌ! እኔን ሌባ ስትይ ሞተር ስትቀልቢ ከረምሽ!" ሁለቱ ተቃቅፈው ሳቁ፣ ከዚያ ትንሽ አለቀሱ፣ ከዚያ እንደገና ሳቁ። ኪሩቤል አንገቱን ደፍቶ "በየሳምንቱ በጥንቃቄ የምጭነው እኔ ነኝ፤ ከኋላ ይነቀነቃል ብዬ" አለ። "ለሞተሩም ደርሶታል፤ እሱም የዊጆ አባል ነው!" አለች አንዷ። ግቢው በሳቅ ተናወጠ።

እትዬ እታለም ካንዱ ኮባ ቅቤ ዘግነው ወደኔ መጡ። "መኪናዬን አዳንሽ፣ ጓደኛዬንም መለስሽልኝ። አልሸጣትም" አሉና መሃል አናቴ ላይ አድርገው መረቁኝ፤ ውለጂ ክበጂ፣ እጅሽ ይባረክ፣ የነካሽው ሁሉ ይዳን። ሴቶቹ አሜን አሉ። እናቴም አሜን አለች፤ የእሷ አሜን "ውለጂ" የሚለው ጋ ጠንከር ያለ መሰለኝ።

ስንመለስ ቅቤው ከኋላ፣ መስኮት አጠገብ፣ በእናቴ ጉልበት ላይ ተቀመጠ። እኔ ጋቢና። ዳገቱን መኪናዋ እየዘፈነች ወጣችው። ሞተሩ ሲሞቅ አናቴ ላይ ያለው ቅቤ ግንባሬ ላይ፣ ቅንድቤ ላይ፣ አገጬ ላይ ይወርድ ጀመር። ጋቢና ቅቤ እንደሚያቀልጥ በራሴ ላይ አረጋገጥኩ። ኪሩቤል እያየኝ እየሳቀ መንገዱን ሊስት ሲል እናቴ ከኋላ "ፊትህን ወደ ፊት!" አለችው። መሀረቡን ሰጠኝ። እስካሁን እኔ ጋ ነው፤ አጥቤ መመለስ አለብኝ።

ደስ ብሎኛል። እጅግ በጣም ደስ ብሎኛል።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

እንኳን አደረሰን። ፀሐይ ወጥቷል። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ የሞተሩን ታሪክ እያወራች ነው፣ በየጊዜው ትንሽ እየጨመረችበት። አሁን ሞተሩ ሙሉ እንስራ በልቷል።

መስከረም 5፣ ሰኞ

አልበራም። ኪሩቤል ስልክ ደውሎ ነገረኝ። "እንደ ኮርማ ነው የተነሳችው" አለ። ለቅቤውም የእንጨት ሳጥን አሠርቶ ከኋላ፣ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ አስሮታል። ጥሩ ነው አልኩት። ጥሩ ነው አለኝ። ከዚያ ስልኩን ዘጋን፤ የምናወራው ኮዱን ነበራ።

ጋሽ ኃይሉ "ምነው ሥራሽን ጨርሰሽ ፊትሽን ጣልሽ?" አሉ። አልጣልኩም።

መስከረም 9፣ ዓርብ

አላፊ አግዳሚው መኪና ሁሉ ድምፁ ይለያል። የሀቢቾዋ በአስፋልቱ በኩል ስታልፍ ራዲያተር እያጠብኩ ነበር። ሞተሯ ንጹህ ነው፣ አንድ ምት አይስትም። ኪሩቤል ሁለቴ ጥሩንባ አሰማ። በዓል ስለደረሰ መንገደኛው ብዙ ነው፣ መቆም አይችልም።

ብሠራ ብሠራ እንዲህ አድርጌ መሥራት ነበረብኝ?

መስከረም 12፣ ሰኞ

ከወልቂጤ የመጣ ፒክ አፕ፣ ከአንጋጫ የመጣ አይሱዙ። ሁሉም ዳኑ። መሀረቡ ታጥቦ ተተኩሷል። ኪሩቤል ሳልመልስለት ለበዓል ወደ ዱራሜ ሊሄድ ነው።

እናቴ "መኪና ሲበላሽ ደስ የሚልሽ ሆነሻል እንዴ?" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ "ካቶሊክም ቢሆን ልጁ ቅቤ አያጎድልም" አለች።

መስከረም 16፣ ዓርብ

ዛሬ ማታ ያሆዴ ነው። ሰው ከየአገሩ ገብቷል፣ ሆሳዕና መላወሻ የለም። ጋራዡን በግማሽ ቀን ልንዘጋ ስንል የሀቢቾዋ መኪና ግቢ ገባች።

ልቤ ዘለለ፤ አሁንስ ልደብቀው አልሞክርም።

"መብራቱ በራ?" አልኩት።

"አልበራም።"

"ጉልበት ታጣለች?"

"ኧረ የለም።"

"ታዲያ ምን ሆና መጣች?"

ኪሩቤል አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ የማጠፊያው መስመር ገና አልጠፋም። "እትዬ እታለም ልከውኝ ነው" አለ። ወዲያው ደግሞ "አይ፣ እሳቸው አልላኩኝም" አለ። ከዚያ ያለ ማቋረጥ ተናገረው። አሁን ወደ ዱራሜ እየሄደ ነው፤ እነሱ በዓሉን መሳላ ነው የሚሉት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይሰበሰባል። እዚያ ለአባቱ ሊነግር አስቧል። አባቱ ከፈቀዱ ከበዓል በኋላ ሽማግሌ ይልካል፤ እትዬ እታለምና ጋሽ ኃይሉ አብረን እንመጣለን ብለዋል። "ግን ሽማግሌ እናትሽን ከመጠየቁ በፊት እኔ አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን መለያየቱንም አስቤዋለሁ፣ ቀላል አይደለም። ብቻ አንቺ ካልፈለግሽ ለአባቴ አልናገርም።"

ጋሽ ኃይሉ የዘጉትን መሣሪያ ሳጥን እንደገና ከፍተው መዝጋት ጀመሩ። ቀና ብለው አላዩንም።

እጄ የለመደውን አደረገ፤ ስካነሩን አንስቼ መኪናዋ ላይ ሰካሁት። ኪሩቤል ግራ ገብቶት ቆመ። ስክሪኑ አሰበ፣ አሰበና ጻፈ።

"ምን ይላል?" አለኝ።

"ምንም ችግር አልተገኘም ይላል።"

ስክሪኑን አየ። እኔን አየ። "ለእኔ ጥያቄ መልሱ ነው?"

"ለአንተ ጥያቄ መልሱ ነው" አልኩት። መሀረቡን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት፣ እሱ ግን አልተቀበለኝም። "ይቆይ" አለ፣ "ስመለስ እወስደዋለሁ።" ከዚያ ጋሽ ኃይሉ ሳጥኑን እግራቸው ላይ ጣሉትና ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም እያነከሱ።

ሲወጣ እስከ አስፋልቱ ሸኘሁት። ቅቤ የጫነው ሳጥን ከኋላ መስኮቱ ሥር በደንብ ታስሯል፣ እሱም ለእናቱ ነው። የዱራሜውን በቆሎ ያመጣልኛል፤ ወቅቱ ቢያልፍም ፈልጌ አመጣለሁ ብሏል።

ያሳሰበኝ ኮዱ አልነበረም። ይኸው ጻፍኩት።

እናቴ እየጠራችኝ ነው። የበዓሉ ምግብ አታካናው ቀርቧል፤ የቡላው መሃል ላይ የዊጆው ቅቤ ሞልቷል፣ ሳይጎድል የደረሰው። ሳይቀዘቅዝ ነይ ትላለች። ልሂድ፤ ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ የረጋ ቅቤ ሰውን ምን ያህል እንደሚያስለፋ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።